ዣን ዩሜይ ዝም ያለችበት ቀን

ዣን ዩሜይ «እንደምን አደርክ» ስትለኝ ሰው የተጣላን ይመስለዋል። ብንጣላማ ኖሮ ወንዙ ማዶ ያለው ሕዝብ ሁሉ ስለ እናቴ አንድ ሁለት ነገር ያውቅ ነበር። እኔ ለምጄዋለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት እሷ ከላይ እኔ ከታች ሆነን ሠርተናል፤ እሷ ከብረት መዳመጫው አዳራሽ ጣሪያ ሥር በምትሄደው ክሬን ውስጥ ተቀምጣ፣ እኔ ወለሉ ላይ ፊሽካዬን ነክሼ። በእኔ እጅ ምልክት ሃያ ቶን የጋለ ብረት ታነሳለች፣ በእኔ ምልክት ታወርዳለች። አንድ ቀን ምልክቴን ስታው ቢሆን ይህን ወሬ የሚያወራችሁ ሌላ ሰው ነበር።

ስሜ ቱ ነው። ሰፈሩ «ሽማግሌው ቱ» ይለኛል፣ እሷ «አንተ ደንቆሮ» ትለኛለች። አልዋሸችም፤ ቀኝ ጆሮዬ ከእኔ ቀድሞ ነው ጡረታ የወጣው። የሷ ደግሞ ግራው ጭራሽ የለም፣ ቀኙም ደስ ሲለው ይሰማል፣ ደስ ካላለው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። በእኛ በቀይ ጡብ ቤቶቹ ሰፈር ከብረት ፋብሪካ ያልወጣ ጡረተኛ የለም፤ ስለዚህ ሳይጮህ የሚያወራ ሰው ካየን «ምነው፣ አሞት ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ዉሃን እንዲህ ናት። ዓለም ከተማችንን ያወቃት በበሽታ ነው፤ ከዚያ በፊት ስሟን ለውጭ ሰው ብትነግሩት የምግብ ስም ይመስለው ነበር።

የዩሜይ ባል ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ሹዋንግ። ሹዋንግ ትንሽ ሳለች እናትየው ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት በገመድ ቅርጫት ታወርድላት ነበር፤ ውስጡ በእንፋሎት የበሰለ ትኩስ ዳቦ። ልጅቷ ግቢው ውስጥ ቆማ ልክ እንደ እኔ በእጇ ታዛለች። ክንዷን ወደ ፊት ዘርግታ፣ መዳፏን ወደ መሬት አድርጋ ቀስ ቀስ ታደርገዋለች፤ «አውርጂ» ማለት ነው። ከዚያ ሁለት እጇን ወደ ጎን ትዘረጋለች፤ «ቁሚ»። ዳቦው አንድ ቀን መሬት ነክቶ አያውቅም። ከዚያማ ልጅቷ አደገች፣ ተማረች፣ ሱዡ ከተማ ሄዳ ሥራ ያዘች፣ እንደ ሱዡ ሰው በአፍንጫዋ ጫፍ መናገር ለመደች። ቅርጫቱ አሁን ነጭ ሽንኩርት ይቀመጥበታል።

ከሦስት ዓመት በፊት ሹዋንግ አንድ እጮኛ ከነወላጆቹ ይዛ መጥታ ነበር። ዩሜይ በደስታ ብዛት «ብሉ እንጂ! ምን ትጠብቃላችሁ! ሞታችኋል እንዴ!» አለቻቸው። እኛ ሰፈር ይህ ፍቅር ነው። ሰዎቹ ግን የተሰደቡ መሰላቸው፣ በሳምንቱ ልጁ ስልክ ማንሳት ተወ። እኔ በበኩሌ ያን የመሰለ ልፍስፍስ ስለቀረ ደስ ብሎኛል፤ ሹዋንግ ግን ለአንድ ዓመት ቤቷ አልመጣችም።

አሁን ደግሞ ሁለተኛው መጣ። ሼን ካይ ይባላል፤ የሱዡ ልጅ ነው፣ እንደ ልቡ የሚስቅ፣ ደህና ልጅ። በብሔራዊ በዓሉ ሳምንት ወላጆቹ ምሳ ሊበሉ፣ እኛንም ሊያዩን መምጣታቸው ተቆረጠ። ሹዋንግ ሁለት ቀን ቀድማ ገባችና እናቷን በቀኝ ጆሮዋ በኩል ጠጋ አለቻት። እኔ እዚያው የሎተስ ሥር እየላጥኩ ነበር።

«እማ፣ እነዚህ ሰዎች በጣም ረጋ ያሉ ናቸው። አባትየው መምህር ነበሩ። ለአንድ ቀን ብቻ ድምፅሽን ቀንሺልኝ።»

«እኔ መቼ ጮህኩ!» አለች ዩሜይ። መስኮቱ ላይ የተኛችው ድመት ተነስታ ሄደች።

«ይኸው!»

«ይሄ እኮ ሹክሹክታዬ ነው!»

«የገዛሁልሽን የመስሚያ መሣሪያ ለምን አታደርጊውም?»

«የድስት ክዳን ሲወድቅ ቦምብ ያደርግብኛል። ብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ ተቀምጧል፣ እዚያው ይስማ።»

ሹዋንግ አልሳቀችም። «እማ፣» አለች፣ «ይሄም ከፈረሰ እዚህ ቤት ሌላ ሰው አላመጣም። እኔም ራሴ መምጣቴን እንጃ።»

ይህን ዩሜይ ሰማች። ያ ጆሮ አይሰማም ሲሉት እንዲህ ያለውን መርጦ ይሰማል። ቢላዋውን ከእጄ ነጥቃ የሎተሱን ሥር ትከተክት ጀመር።

በነጋታው በሬን ደበደበችው። «አንተ ደንቆሮ! መላ አግኝቻለሁ። ነገ አንድ ቃል አይወጣኝም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። አንተ እንደ ቤተ ዘመድ ፊት ለፊቴ ትቀመጥና ምልክት ትሰጠኛለህ፤ መቼ እንደምስቅ፣ መቼ እንደምቀዳ፣ መቼ እንደማቆም።»

«ሠርግ የጋለ ብረት ነው እንዴ?»

«ከብረት ይከብዳል። ልጄ ናት፤ አንድ ናት» አለችና ዓይኗን ወደ ደረጃው አዞረች። «ብረት ቢወድቅብኝ ፋብሪካው ሌላ ያቀልጣል።»

እሺ አልኩ።

እንግዶቹ በስድስት ሰዓት ደረሱ። አባትየው መምህር ሼን ረዥም፣ ፀጉሩ ወደ ኋላ የተበጠረ ሰው ነው፤ ሲናገር የተኛ ሕፃን እንዳይነቃበት የፈራ ይመስላል። እናትየው ሱፌን ትባላለች፤ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ አንገቷ ላይ ግራጫ የሐር ሻርፕ የጠመጠመች። ገባች፣ ፈገግ አለች፣ ጎንበስ አለች፣ ተቀመጠች። አንድ ቃል የለም። ዩሜይም ፈገግ አለች፣ ጎንበስ አለች፣ ተቀመጠች። አንድ ቃል የለም። ሁለቱ ፈገግታቸውን ይዘው ተፋጠጡ። ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም ሆነ።

ሾርባው ቀረበ፤ የአሳማ ጎድንና የሎተስ ሥር ሦስት ሰዓት የፈላበት። እኛ ዘንድ ለአማች ከዚህ በላይ ክብር የለም። መምህር ሼን ቀምሶ አንገቱን ነቀነቀ፣ ከዚያ ያን የሕፃን ማስተኛ ድምፁን አወጣና «ባለቤትዎ ያረፉት በድንገት ነበር?» ሲል ጠየቃት።

ዩሜይ ጋ የደረሰው የከንፈር እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ እሱንም ሰውየው አፉን ስለማይከፍት ማንበብ አልቻለችም። ሾርባውን ያመሰገነ መሰላት። ፊቷ በርቶ በደስታ ነቀነቀች፣ ጭልፋውን ሞልታም ሳህኑ ላይ ልትደፋለት ዘረጋች።

እኔ ክው አልኩ። ሁለት እጄን ወደ ጎን ዘረጋሁ፤ ቁሚ! የካይ የአልኮል መለኪያ በክርኔ ተመትቶ ተገለበጠ። ዩሜይ ግን የሠለጠነች ሴት ናት፤ ጭልፋው አየር ላይ ቀጥ አለ፣ ጠብታ አልፈሰሰም። መምህር ሼን ጭልፋውን አየ፣ ክንዶቼን አየ፣ በመጨረሻ ሚስቱን አየ። ሚስቱ ሱፌን እጆቼን ትክ ብላ ታያለች። «ይሄ ሽማግሌ ለይቶለታል» የምትል መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ምሳ አይወራም። ሹዋንግ «እማማ ሱፌን፣ ሾርባው ተስማማዎት?» ብትል ሴትዮዋ ባሏን ታያለች፣ ፈገግ ትላለች። ካይ «አክስቴ፣ እጅዎ ይባረክ» ቢል ዩሜይ እኔን ታያለች፤ እኔ በጣቴ «ትንሽ ፈገግ» እላለሁ፣ እሷም ትንሽ ፈገግ ትላለች። ሹዋንግ ከደቂቃ ደቂቃ ፊቷ እየገረጣ ሄደ። ያቺ ሴት ንቃናለች ብላ አሰበች፤ በኋላ ራሷ ነግራኛለች።

ዩሜይ ታፍና ልትሞት ደረሰች። ሃያ ደቂቃ ዝም ብላ የማታውቅ ሰው እኮ ናት፤ ስትተኛም ትሳደባለች ይል ነበር ሟቹ ባሏ፣ ነፍሱን ይማር። ሳህን ላነሳ ብላ ወጥ ቤት ገባችና በእጇ ጠራችኝ። ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ። አንገቴን ይዛ ጆሮዬ ሥር በሹክሹክታ፣ ማለት እሷ ሹክሹክታ በምትለው፣

«ይቺ ሴትዮ ምላሷን ባቡር ላይ ረስታው ነው እንዴ የመጣችው! ጎድኑንም ሾርባውንም ጨረሰችው፣ አንድ ‹ጣፈጠ› ማለት ግን አቃታት!» አለች።

የወጥ ቤቱ በር መስታወት ነዘረ። በሩን ስከፍት ማዕዱ ደርቋል። መምህር ሼን የሎተስ ቁራጭ ጉሮሮው ላይ ቀርቶ ይስላል፣ ካይ ጀርባውን ይመታል፣ ሹዋንግ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋለች። ሱፌን ብቻ፣ የተሰደበችው ሴት ራሷ፣ በሰላም አጥንቷን ትግጣለች። ያን ጊዜ ነበር መግባት የነበረበት ጭንቅላቴ ውስጥ። አልገባም። የእኔ ጭንቅላት ነገር የሚገባው እንደ ሠራተኛ አውቶቡስ አርፍዶ ነው።

«ሰሙኝ እንዴ?» አለችኝ ዩሜይ።

«ማዶ ያሉትም ሰምተዋል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በርጩማው ላይ ቁጭ አለችና ሽርጧን ፊቷ ላይ አደረገች። ክሬን ላይ ሆና ሰንሰለት ሊበጠስባት ሲል እንኳ ያላለቀሰች ሴት ናት። አንጀቴን በላችው።

መምህር ሼን ሥነ ሥርዓት ያለው ሰው ነው፤ ሳሉ ሲለቀው አፉን ጠረገና «ባቡራችንን ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ብናመጣው ይሻላል፤ እናንተም ደክሟችኋል» አለ። ሰው እንዲህ ሲል የተቆረጠ ነገር ነው። ካይ ሊከራከር አፉን ከፈተ፣ አባቱ አየውና ዘጋው። ሹዋንግ ዕቃቸውን አመጣች። እናቷን ግን አላየቻትም፤ እኔን አየችኝ፣ «አጎቴ ቱ፣ አልኩህ አይደል?» አለችና ወደ ደረጃው ወጣች።

የበዓል ቀን ድልድዮቹ ላይ መኪና አይነቃነቅም። ባቡር ጣቢያው ደግሞ ማዶ ነው። ስለዚህ ስድስታችንም ወርደን በመሻገሪያው ጀልባ ተሳፈርን፤ ዩሜይ ማንም ሳይጠራት ከኋላ ተከተለች፣ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። መምህሩ ምሳ ላይ የጠየቃት ስለ ባሏ ሞት እንደነበር መንገድ ላይ ነገርኳት።

የእኛ ጀልባ ታውቋታላችሁ፣ ወይም አታውቋትም፤ ግድ የለም። ግማሹ ሞተር ብስክሌት የያዘ ሰው ነው፣ ግማሹ በሰሊጥ የታሸ ኑድል ቆሞ የሚበላ። ወንዙ ላይ ብርቱካናማ ፊኛ ወገባቸው ላይ ያሰሩ ጡረተኞች ይዋኛሉ፤ ጀልባዋ ስትደርስባቸው እነሱ ናቸው የሚቆጡት። ሞተሯ ከእግራችን ሥር ሲነሳ ወለሉ፣ ወንበሩ፣ ጥርሳችን ሁሉ ይንቀጠቀጣል። መምህር ሼን ለልጁ አንድ ነገር አለ፤ ልጁ «አቤት?» አለ፣ አባትየው ደገመ፣ ልጁ ራሱን ነቀነቀ። በዚያች ጀልባ ላይ ሁሉም ሰው ደንቆሮ ነው። ለእኔና ለዩሜይ ግን ቤታችን ገባን ማለት ነው፤ ልክ እንደ አዳራሹ።

ሹዋንግ ብረት ድጋፉን ይዛ ጀርባዋን ሰጥታን ታለቅሳለች። ዩሜይ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ፊት ለፊቷ ሱፌን። እኔ ከሞተር ብስክሌቶቹ አጠገብ ቆሜያለሁ። ዩሜይ ወደ እኔ አየችና ሁለት ክንዷን ደረቷ ላይ አቆላልፋ ለቀቀቻቸው፤ «ጭነቱ ወደቀ» የምንልበት ምልክት ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜም አድርጋው አታውቅም ነበር። ከዚያ ድምፅ ሳታወጣ በከንፈሯ ብቻ «ልጄን አጣኋት» አለችኝ።

ሱፌን ዓይኗ የዩሜይ ከንፈር ላይ ነበር። ዘንበል አለችና ጉልበቷን መታ አደረገቻት። አፏን ሰፊ አድርጋ ከፈተች፣ ድምፅ የለም፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ላስቲክ እየሳበች፦

«ምን ፋብሪካ ነበርሽ?»

ከንፈር አንብባለች! እኛ አዳራሽ ከንፈር ማንበብ የማይችል ሰው ምሳ የት እንደሚበላም አያውቅም ነበር፤ ግን የሱዡ እመቤት፣ ባለ ሐር ሻርፕ?

«ብረት፣» አለች ዩሜይ በከንፈሯ፣ ጣቷን ወደ ሰማይ ቀስራ። «ክሬን። ሃያ ስድስት ዓመት።»

«ሐር ፋብሪካ፣» አለች ሱፌን። እጆቿን እንደ ሽመና ማሽን ወዲያ ወዲህ አወናጨፈቻቸው። «ሃያ ዘጠኝ ዓመት። አራት መቶ ማሽን ባንድ አዳራሽ።» ከዚያ ግራ ጆሮዋን በጣቷ ነካችና እጇን አራገበች። የለም።

ዩሜይ ተነስታ ቆመች። «የእኔም ግራው!»

«ቀኙ?»

«ሲፈልግ!»

ሁለቱም ሳቁ። ድምፃቸው አይሰማም፣ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ዩሜይ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ልጄ ነዋ! ‹እማ፣ ስትናገሪ ትጮሂያለሽ፣ ሰዎቹ ይደነግጣሉ፣ ለአንድ ቀን ዝም በዪልኝ› አለኝ። ባሌም እንዲሁ አለኝ።»

«የእኔዋም! ልክ እንዲሁ!»

«ሾርባ መድገም ፈልጌ ነበር። መጠየቅ ፈራሁ።»

«እኔ ደግሞ ምላሷን ባቡር ላይ ረስታው መጣች ብዬ ሰደብኩሽ።»

«መቼ?»

«ምሳ ላይ። ሁሉም ሰምቷል።»

«እኔ አልሰማሁም፣» አለች ሱፌን፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «እኔም በሆዴ ‹ይቺ ኩሩ ሴትዮ ሾርባ እንጂ ቃል አትሰጥም› ብዬሻለሁ። እኩል ነን።»

ከዚያ የሆነውን ምን ጊዜም አልረሳም። ሁለቱ ሴቶች ሳቃቸውን አቆሙ፣ አንገታቸውን አንድ ላይ አዞሩና ልጆቻቸውን አዩ። ካይ ያን አስተያየት ሲያይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

በዚያው ቅጽበት ጀልባዋ ማዶ ደርሳ ሞተሩ ጠፋ። ሁለቱ ግን አላወቁም። ሞተሩ አሁንም የሚጮህ መስሏቸው ልጆቻቸውን በሙሉ ድምፅ ይናገሯቸው ጀመር፣ በዚያ ሁሉ ጸጥታ መሐል።

«በእናትህ አፍረህ ነው!» ብላ ጮኸች ሱፌን። የሱዡ ሰው ሲጣላ እንኳ ጆሮ ይጥማል ይባላል፤ ያን ያለ ሰው ሱፌንን አልሰማም። «በዚህ ጆሮ እኮ ነው የከፈልኩልህ! ጫማህን፣ ትምህርት ቤትህን፣ ያን የማትነካውን ቫዮሊንህን!» አንድ ሰውዬ ኑድሉ ከእጁ ወደቀበት። መምህር ሼን ዓይኑን ጨፈነ።

«አንቺስ!» አለች ዩሜይ ወደ ሹዋንግ። «የምታፍሪው በአፌ መስሎኝ ነበር። አንቺ ያፈርሽው በእኔ ነው! ቀኑን ሙሉ አፌን ሰፍቼ ተቀመጥኩልሽ! ሞኝ መሰልኩልሽ! የአባትሽን ሞት ሲጠይቁኝ ሳቅኩልሽ!» ድምፅዋ እዚያ ላይ ተሰበረ። «በክሬን ላይ ነው ጆሮዬ የቀረው፣ ልጄ። ሰርቄ አይደለም።»

ፊሽካዬን ከኪሴ አውጥቼ አንድ ረዥም ነፋሁ፣ «ቁሙ» ማለት ነው። የጀልባው ሰው ሁሉ ቆመ። ሁለቱ አልሰሙኝም።

ሹዋንግ ከሰው ጋር ቀድማ ወርዳ ከጀልባዋ መውረጃ ደረጃ ሥር፣ ወደቡ ላይ ቆማለች። ሰው እየገፋት ያልፋል። መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች፤ ያ ለስላሳ የሱዡ ድምፅ አልወጣላትም። ወይም እናቷ እንደማትሰማው አሁን ገባት። ቀና ብላ አየቻት። ቀኝ ክንዷን ወደ ፊት ዘረጋች። መዳፏን ወደ መሬት አደረገች፣ ቀስ ቀስ እያለች፣ ወደ ታች።

ዩሜይ አየችው። ሃያ አምስት ዓመት ከልጇ እጅ ያላየችው ምልክት ነው። የብረት ድጋፉን ያዘችና አንድ በአንድ፣ እንደ ሙሉ ጭነት፣ ደረጃውን ወረደች። አንድ ክንድ ሲቀራት ሹዋንግ ሁለት እጇን ወደ ጎን ዘረጋች፤ ቁሚ። ቆመች። ከዚያ ልጅቷ የዘረጋችውን እጅ በእናቷ ዙሪያ ሰበሰበችው።

«እንዲህ በደንብ ታስታውሺ ኖሯል እንዴ፣ አንቺ ጉድ!» አለች ዩሜይ፤ ወደቡ ሁሉ ሰማ። «በይ ልቀቂኝ፣ መንገድ ዘጋን!»

ሹዋንግ አልለቀቀቻትም።

ባቡሩ ያለ እነሱ ሄደ። መምህር ሼን «ቲኬቱስ?» ሲል ሚስቱ «ዝም በል፣ ዛሬ ያንተ ተራ ነው» አለችው። በዚያችው ጀልባ ተመለስን። ቤት ገብተን ሱፌን የሾርባውን ድስት ወደ ራሷ ስባ «ጣፈጠ!» ብላ ስትጮህ ድመቷ ለሁለተኛ ጊዜ ከመስኮቱ ወረደች።